የቬርሜር ዳቦ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዘይት ቅብ የምማረው የዮሐንስ ቬርሜርን «ወተት ቀጂዋ» አስመስዬ በመሳል ነው። ሰውዬው በ1632 እ.ኤ.አ. ሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፣ ሥዕልም ይነግድ ነበር። በ1653 ካታሪና ቦልነስን አገባ፤ የዚያኑ ዓመት የሠዓሊዎች ማኅበር ገባ። ቤቱ በልጅ የተሞላ ሆኖ ሳለ ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ የሚፈጨውን ውድ ሰማያዊ ቀለም አልተወም (የኔ ሚስት ብትሆን አትፈቅድም!)። በ1672 የፈረንሳይ ጦር ሲወር የሥዕል ገበያው ሞተ። እሱም በ1675 በ43 ዓመቱ አረፈ። ካታሪና ለዳቦ ጋጋሪው ዕዳ ሁለት ሥዕሎች አስያዘች።

የሴትዮዋ ሰማያዊ ሽርጥ እንደምንም እሺ ብሎኛል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ ግን ቬርሜር በብርሃን ነጠብጣብ ነው የሠራው፤ ሦስቴ ፋቅኩት፣ አሁንም ድንጋይ ይመስላል።