በቃ ያላለው ጡንቸኛ፦ አንድሪያስ ሙንዘር (1964-1996)

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ቁልቁል ወርዶ አዲ አርቃይ የደረሰ መንገደኛ፣ የተራራ አገር ልጅ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ዳገቱና ሸክሙ ነው። ጡንቻው ሥራ ሲሠራ የመጣ ስለሆነ ባለቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ ሲለካው አይውልም። ኦስትሪያዊው አንድሪያስ ሙንዘርም የተራራ ልጅ ነበር። በስታይሪያ ክፍለ ሀገር ፓክ በምትባል መንደር ኦክቶበር 25 ቀን 1964 ተወለደ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እሱን ግን መስታወቱ ወሰደው።

አርአያ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ሰባት ጊዜ ሚስተር ኦሊምፒያ የሆነው አርኖልድ ሽዋዝኔገር የዚያው የስታይሪያ ልጅ ነው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ «ኮማንዶ»ን ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ያኔ ምን እንደተሰማው ያስታውሳል፤ ለሙንዘር ደግሞ ሰውየው የአገሩ ልጅ ነበር። አርኖልድ በ1966 ወደ ሙኒክ እንደሄደው ሁሉ ሙንዘርም ቆይቶ ሙኒክ ገባ፣ እዚያው ብረት ሲገፋ ኖረ፣ ፕሮፌሽናልም ሆነ።

በግዝፈት የሚበልጡት ብዙ ነበሩ። ሚስተር ኦሊምፒያንም አንዴም አላሸነፈም። ስሙ የተነሳው በሌላ ነገር ነው። ሰውነቱ ላይ ስብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቆዳው እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ከሥሩ ያለው የጡንቻ ክር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ሌሎቹ ውድድር ሲያልቅ እንደ ልባቸው በልተው ትንሽ ይወፍራሉ፤ እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደደረቀ ይቆያል። ደጋፊዎቹ ይህን ብርታት አሉት። መጽሔቶቹም ፎቶውን እየደጋገሙ አወጡት። ሰው እንዲህ ሆኖ ዓመት ከዓመት እንዴት ይኖራል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ዳቦና ዶሮ ብቻውን እዚህ አያደርስም። ከሞተ በኋላ ዴር ሽፒግል የተባለው የጀርመን መጽሔት ይወስዳቸው ነበር ያላቸውን መድኃኒቶች ዘርዝሯል፦ በመርፌና በእንክብል የሚወሰዱ ስቴሮይዶች፣ የዕድገት ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ አነቃቂዎች፣ በመጨረሻም ከቆዳ ሥር ያለውን ውሃ አሟጦ የሚያስወጣ የሚያሸና መድኃኒት። አደገኛው ይኼኛው ነው። ውሃ ሲወጣ በደም ውስጥ ያለው የጨው ሚዛን ይዛባል፤ ሚዛኑ ሲዛባ ልብ ምቱን ይስታል። ሙንዘር ይህን አያውቅም ነበር ማለት ይከብዳል። አልጄሪያ ተወልዶ ለፈረንሳይ ይወዳደር የነበረው ሞሐመድ ቤናዚዛ በ1992 ሆላንድ ውስጥ ከውድድር በኋላ ሲሞት የሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ ሰምተዋል። መድረኩ ግን አልቆመም።

በማርች 1996 ሙንዘር በጣዖቱ ስም በሚጠራው አርኖልድ ክላሲክ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ ላይ ተወዳድሮ ስድስተኛ ወጣ። ሆዱን ያመው ከጀመረ ሰንብቷል። ማርች 13 ቀን ሙኒክ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞች ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ አገኙት። መድማቱን ለማስቆም ቢሯሯጡም ጉበቱና ኩላሊቱ ከዱት። በማግስቱ ሞተ። ገና የ31 ዓመት ወጣት ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር ጉበቱ በዕጢ ተሞልቶ፣ ልቡም ከጤነኛ ሰው ልብ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ለካስ ልብም ጡንቻ ነው፤ መድኃኒቱ አልለየውም።

የኳስ ወዳጅ ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም እንዳይል። በ2001 ኤድጋር ዳቪድስ፣ ያፕ ስታም፣ ፍራንክ ዴቦርና ፌርናንዶ ኩቶ የተቀጡበት ናንድሮሎን ስቴሮይድ ነው። በዚያው ዓመት ፔፕ ጓርዲዮላም ብሬሽያ እያለ በዚሁ ታግዷል፤ በኋላ ነጻ ቢባልም። ልዩነቱ ኳስ ተጫዋቹን የሚመረምረው አካል መኖሩ ነው። በጡንቻው ዓለም በ1990 ምርመራ ተሞክሮ የአርኖልድ ክላሲኩ አሸናፊ ሾን ሬይ ድሉን ተቀማ፤ የዚያ ዓመት ሚስተር ኦሊምፒያም በምርመራ ተካሄደ። ከዚያ ነገሩ ተተወ። ተመልካች ትልቅ ሰው ማየት ይፈልጋላ!

ሙንዘር የአእምሮ ሕመም ነበረበት ብሎ ሐኪም አልመሰከረም፤ ስለዚህ ማለት አይቻልም። በዙሪያው ስለነበረው ዓለም ግን ብዙ ይታወቃል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ በ1993 ስለ 108 ጡንቸኞች ባወጡት ጥናት፣ ዘጠኙ ፈርጣማ ሆነው ሳለ ራሳቸውን ቀጫጫና ደካማ አድርገው ያዩ ነበር። ሰው እንዳያያቸው ሰፊ ልብስ ይደርባሉ፣ ሙቀት እያለ ባሕር ዳር አይወጡም። ዘጠኙም ስቴሮይድ ተጠቃሚዎች ነበሩ። በ1994 ደግሞ 88 ተጠቃሚዎች ከ68 ካልተጠቀሙ ጋር ሲወዳደሩ፣ ከተጠቃሚዎቹ 23 በመቶው ከባድ የስሜት መናወጥ እንደገጠማቸው ተናግረዋል፤ አንዳንዱ ያለልክ ይፈነድቃል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ድባቴ ውስጥ ይገባል።

ክፉው ነገር የሚመጣው ሲያቆሙት ነው። ከውጭ ሆርሞን ሲጎርፍለት የከረመ ሰውነት የራሱን ቴስቶስትሮን ማምረት ያቆማል። መርፌው ሲቀር ሰውየው ለወራት ባዶ እጁን ይቀራል፦ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከሴት ጋር ያለው ነገር ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ መኖር የሚያስጠላው አለ። መስታወቱ ላይ ጡንቻው በየሳምንቱ ሲቀንስ ይታየዋል። ያንን ላለማየት አጭሩ መንገድ መርፌው ነው፣ ይመለስበታል። በዚህ ሰዓት የጂም ጓደኛ ምክር አይበቃም፤ የሆርሞኑን መልሶ መነሳት የሚከታተል ሐኪምና የአእምሮ ሐኪም ያስፈልጋሉ። ደግሞ ብዙዎቹ ወንድ ልጅ ከፋኝ አይልም ብለው አይሄዱም።

ያ ራስን ቀጫጫ አድርጎ የማየት ሕመም ዛሬ የሚታወቅበትን የሕክምና ስም ያገኘው በ1997 ነው። ሙንዘር ከሞተ ዓመት አልፎታል።