ጆሴፍ ብላክ፦ የተደበቀውን ሙቀት ያገኘ መምህር

ውኃ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብንጨምርበትም ቴርሞሜትሩ ከመፍያ ነጥቡ በላይ አይወጣም። እሳቱ ግን እየነደደ ነው። ታዲያ ሙቀቱ የት ገባ? መልሱን ያገኘልን ጆሴፍ ብላክ ነው።

ብላክ በ1728 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከቤልፋስት የሄደ ነጋዴ ነበር። በግላስጎና በኤድንብራ ሕክምና ተማረ፤ ገና በተማሪነቱ ባካሄደው ምርምር ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን ጋዝ ለይቶ አጠና። ከ1756 ጀምሮ በግላስጎ አስተማረ።

በዘመኑ በረዶ መቅለጫ ነጥቡ ላይ ከደረሰ ጥቂት ሙቀት ብቻ ወዲያው ውኃ ያደርገዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ብላክ ግን የክረምቱ በረዶ አየሩ ከሞቀም በኋላ ለሳምንታት እንደሚቆይ አስተዋለ። እምነቱ ልክ ቢሆን ኖሮ በረዶው በአንዴ ቀልጦ አገሩን ጎርፍ ባጥለቀለቀው ነበር።

ስለዚህ እኩል መጠን ያላቸውን በረዶና በጣም ቀዝቃዛ ውኃ በአንድ ክፍል አስቀመጠ። ውኃው በግማሽ ሰዓት 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሞቀ። በረዶው ግን ቀልጦ እዚያው ሙቀት ላይ ለመድረስ 10 ሰዓት ተኩል ፈጀበት፤ 21 እጥፍ ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ያላሳየው ሙቀት በረዶውን ለማቅለጥ ውሎ ነበር። ብላክ ድብቅ ሙቀት አለው። እንፋሎትም እንዲሁ ነው፦ 1 ኪሎ ውኃን ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 420 ኪሎጁል ያህል ሲበቃ፣ ያንኑ ውኃ ለማትነን 2,260 ገደማ ያስፈልጋል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ጄምስ ዋት ጥቂት እንፋሎት ብዙ ውኃ ማሞቁ ሲያስገርመው ምክንያቱን ያስረዳው ብላክ ነው። በችግሩም ጊዜ ገንዘብ አበድሮታል።

ብላክ ይህን ግኝቱን በሕይወቱ ሳለ አላሳተመም፤ ከዓመት ዓመት ለተማሪዎቹ ያስተምር ነበር። በ1799 በኤድንብራ ሲሞት የወተት ኩባያው ጉልበቱ ላይ እንደቆመ፣ ጠብታ ሳይፈስ ነበር ይባላል። ትምህርቱን በ1803 በመጽሐፍ ያወጣው ወዳጁና የቀድሞ ተማሪው ጆን ሮቢሰን ነው።

ኪታብ ለቀራን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሸይኻችን ያብራሩትን በገጹ ዳር እየጻፍን አድገናል። ግቢ ስንገባ ግን ማስታወሻችንን ፈተና እንዳለቀ እንጥላለን። የመምህርን ዕውቀት ለተከታዩ ማድረስ የተማሪም አደራ ነው። ዘንድሮ ደብተሮቻችንን ለታናናሾቻችን እናስተላልፍ፣ ኢንሻአላህ።