የኢማም አል-ገዛሊ ሚዛን

የወሎ ደረሶች ከፊቅህና ከነሕው ጋር መንጢቅንም ይማራሉ። መንጢቅ አንድ ሐሳብ ከሌላው በትክክል መውጣት አለመውጣቱ የሚመዘንበት ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት በሙስሊሙ ዘንድ ካስወደዱት ዑለማዎች ዋነኛው ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

በ450 ዓመተ ሂጅራ በፋርስ ምድር በጡስ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት ገና በልጅነታቸው ነው። በ484 በባግዳድ ኒዟሚያ መምህር ሆኑ። የፈላስፎችን ስሕተት በመጽሐፍ ሞገቱ፤ መንጢቃቸውን ግን አልጣሉም። እውነት፣ የተናገራት ሰው ስለተጠላ ሐሰት አትሆንምና። በ488 ዝናውንና ወንበሩን ትተው ነፍሳቸውን ለማጥራት ከባግዳድ ወጡ።

አል-ቂስጧስ አል-ሙስተቂም፣ ማለትም ቀጥተኛው ሚዛን፣ በተሰኘው መጽሐፋቸው የመንጢቅን ሚዛኖች ከቁርአን አወጡ። አንደኛው የነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ማስረጃ ነው፦ ጨረቃ ትጠልቃለች፤ አምላክ አይጠልቅም፤ ስለዚህ ጨረቃ አምላክ አይደለችም። የመጀመሪያው በዓይን ይታያል፤ ሁለተኛው በማስረጃ ይታወቃል፤ ከሁለቱ አንዱ ከተናጋ ሦስተኛው አይቆምም።

በዕድሜያቸው ማምሻ በጻፉት አል-ሙስተስፋ በተሰኘው የኡሱል አል-ፊቅህ መጽሐፍም መንጢቅን መግቢያ አደረጉት። በ505 በዚያው በጡስ ወደ አኺራ ሄዱ።

የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ ቤተሰቦች ሆይ፣ አዲሲቱ የረመዳን ጨረቃ በዓባይ በኩል ስትጠልቅ ልጃችሁ ስለ ፈጣሪው ቢጠይቃችሁ አትቆጡት። የኢብራሂምን ማስረጃ ደረጃ በደረጃ አስረዱት። ምክንያቱን አውቆ ያመነ ልጅ በሰው ወሬ በቀላሉ አይናወጥም።