የስኳር በሽታ ከቆሽት መጉደል እንደሚመጣ ያረጋገጡት ሐኪም

ኦስካር ሚንኮቭስኪ በስኳር በሽታ ሕክምና ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳ ሐኪሞች አንዱ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1858 በዛሬዋ ሊትዌኒያ፣ በካውናስ ከተማ አቅራቢያ ነው።

በ1889 በወቅቱ በጀርመን ሥር በነበረችው ስትራስቡርግ፣ ከባልደረባቸው ጆሴፍ ፎን ሜሪንግ ጋር ቆሽት ለስብ መፈጨት ያለውን ድርሻ ለማጥናት የአንድ ውሻ ቆሽት ሙሉ በሙሉ አወጡ። ውሻው ከቀዶ ሕክምናው ቢተርፍም ሽንቱ በዛ፤ ሚንኮቭስኪ ሲመረምሩትም ስኳር አገኙበት። በቀጣይ ሙከራቸው የቆሽት ቁራጭ ከእንስሳው ቆዳ ሥር ሲተከል በሽታው እንደማይከሰት አሳዩ። ይህም በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ለተገኘው ኢንሱሊን መንገድ ጠርጓል። በኋላም የጀርመንን የኢንሱሊን ኮሚቴ መርተው በ1931 በ73 ዓመታቸው አርፈዋል።

ግኝታቸው ዛሬም ያገለግላል። ቆሽት በአልኮል መጠጥ ወይም በሐሞት ጠጠር ሳቢያ ተደጋግሞ ሲቆጣ፣ በቀዶ ሕክምና ሲቀነስ ወይም በአደጋ ሲጎዳ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳቱ ስለሚያንሱ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የስኳር በሽታ ሊከተል ይችላል። በአገራችንም አዋሽ ሰባት ኪሎን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና በደረሰ ግጭት፣ የመኪና መሪ ሆዱን መትቶት ቆሽቱ የተጎዳ ሾፌር ቁስሉ ከዳነ በኋላም የደሙን ስኳር በየጊዜው ሊመረመር ይገባል።