ከፓሪስ የመጣው ቀሚስ

የዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን እንግዳ ቫዮሌት ሳቦ ትባላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰላይ ነበረች። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫዮሌት በ1921 ፓሪስ ተወለደች። አባቷ እንግሊዛዊ፣ እናቷ ፈረንሳዊት ስለሆኑ ሁለቱንም ቋንቋ ትችላለች። ያደገችው ግን ለንደን ነው። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም፤ አባቷ ታክሲ ይነዱ ነበር። እሷም በ14 ዓመቷ ትምህርቷን አቁማ ሥራ ጀመረች። በኋላ ሱቅ ውስጥ ሽቶ ትሸጥ ነበር።

በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ያዘች። ብዙ የፈረንሳይ ወታደሮች ለንደን ውስጥ ስደተኛ ሆኑ። ጁላይ 14 የፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ እናቷ አንድ ወታደር ፈልጋ እቤት እንድትጋብዝ ላኳት። ይዛ የመጣችው ኤትየን ሳቦ የሚባል ወታደር ነው። ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ተጋቡ! እሷ 19 ዓመቷ፣ እሱ 30 ነበር።

ኤትየን ብዙም ሳይቆይ ወደ አፍሪካ ዘመተ። የሚገርመው እዚሁ ጎረቤታችን ኤርትራ ድረስ መጥቶ በ1941 ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል። በ1942 ጁን ላይ ልጃቸው ታንያ ተወለደች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኤትየን ግብፅ ውስጥ በኤል አላሜይን ጦርነት ሞተ። ልጁን አንድም ቀን አላያትም።

ከዚያ የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ቫዮሌትን ጠራት። ፈረንሳይኛዋ ለሥራው ተፈልጎ ነው። እሷም እሺ አለች። ከፓራሹት መዝለልና መሣሪያ መተኮስ ተማረች። መልእክት የሚመሰጠረው በቃል በተያዘ ግጥም ነበር፤ ለሷ የተሰጣት የፍቅር ግጥም ነው።

እዚህ ጋ ክበባችን ውስጥ ተከራክረናል። ግማሾቻችን አባቷን ያጣች ሕፃን ጥላ እንዴት ትሄዳለች አልን። ሌሎቹ ደግሞ ባሏን የገደሉባትን ዝም ብላ ትይ ወይ አሉ። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።

በ1944 ኤፕሪል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረንሳይ ገባች። ሩዋን ከተማ ውስጥ የነበሩት የምስጢር ጓደኞች ተይዘው ስለነበር ማን እንደተረፈ እንድታጣራ ነው የተላከችው። አለቃዋ በጀርመኖች ስለሚፈለግ ወደ ሩዋን ብቻዋን ሄደች። ፎቶው ያለበትን የተፈላጊ ማስታወቂያም ከግድግዳ ገንጥላ ይዛ ተመለሰች። ከመመለሷ በፊት ግን ፓሪስ ገብታ ለታንያ ቀሚስ ገዛች። እኛም እናቶቻችን ታድጊበታለሽ ብለው ሰፊ እንደሚገዙልን ሳይሆን አይቀርም፤ ለምን እንዳልኩ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ጉዞ ጁን ላይ ነበር። በፓራሹት የወረደችው ታንያ ሁለት ዓመት በሞላት ዕለት ሌሊት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር በመኪና ሲሄዱ የጀርመን ወታደሮች መንገድ ዘግተው አገኟቸው። እየሮጡ ሳለ ቁርጭምጭሚቷ ተጎዳ። ጓደኛዋን እንዲያመልጥ አድርጋ እሷ ጥይቷ እስኪያልቅ ተኮሰች ይባላል። እሱ አመለጠ፣ እሷ ተያዘች።

እስረኞቹ በባቡር ወደ ጀርመን ሲወሰዱ ባቡሩ በአውሮፕላን ተደበደበ። ጠባቂዎቹ ሸሹ። ቫዮሌት እግሯ ከሌላ ሴት እግር ጋር በሰንሰለት ታስሮ ነበር። እንደዚያም ሆና እየዳኸች፣ ተቆልፎባቸው በውሃ ጥም ለሚሰቃዩት ወንድ እስረኞች ውሃ አደረሰች።

በመጨረሻ ራቨንስብሩክ የሚባል የሴቶች እስር ቤት አስገቧት። በ1945 መጀመሪያ ላይ ከሁለት ሴት ሰላዮች ጋር ተገደለች። 23 ዓመቷ ነበር። ጦርነቱ ለማለቅ የቀረው ጥቂት ወር ብቻ ነው።

ታንያን አያቶቿ ወሰዷት። በ1947 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ የእናቷን የጀግንነት ሜዳይ ሊሰጡ ወደ ቤተ መንግሥት አስጠሯት። ያኔ ታንያ አራት ዓመት አልፏታል። የለበሰችውም ያንን የፓሪስ ቀሚስ ነበር።