ንጉሡና አንበሶቻቸው

ልጅ ሆነን ከአምቦ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምንጠይቀው አንበሳ ማየት አለማየቱን ነበር። የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. ያቋቋሙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። አሜሪካኖች በፍሎሪዳ ባሕር ዳር ዶልፊንና ዓሣ የሚታይበት ፓርክ ከከፈቱ ያኔ ገና 10 ዓመቱ ነበር።

ንጉሡ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። በ1923 ነገሡ፤ ጣልያን ሲወረን በ1928 ተሰደው በ1933 ተመለሱ። በዘመናቸው አምቦአችን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። መጠሪያቸው ሞዓ አንበሳ ስለሆነ አንበሳው የዙፋኑ ምልክት እንጂ ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ አልነበረም።

ታዲያ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ከዙፋን አወረዳቸው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በእስር እንዳሉ ሞቱ። አንበሶቹ ግን እዚያው ቀርተው ተዋለዱ። በ2005 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት ደግሞ የግቢው አንበሶች ከሌሎች ከተጠኑት አንበሶች የተለየ ዘር እንዳላቸው አሳየ።

የንጉሥ ናቸው ተብለው ያኔ ቢጠፉ ኖሮ ይህን ባላወቅን ነበር። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የቀደመውን ሁሉ ማፍረስ ለሚቀናን ለእኛ ትምህርት ይመስለኛል።