ሥልጣኑን የመለሰ የጦር አለቃ

ሕዝብ ሁሉ በየዓመቱ የሚያስበው ቀን አለው። አንዳንዱ ቀን የድል፥ አንዳንዱም የኀዘን መታሰቢያ ነው። የአሜሪካም ሕዝብ ከጦርነቱ ታሪክ የሚያስባቸው ብዙ ቀኖች አሉት፤ ከነዚህም የቀደሙት ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህም ሰው ጆርጅ ዋሺንግቶን ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው የዘመን ቁጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዋሺንግቶን ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ዓ.ም. ያን ጊዜ በእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት በነበረችው በቪርጂኒያ ተወለደ። አባቱ የሞተበት ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ ለመማር ዕድል አላገኘም፤ ነገር ግን ሒሳብንና የመሬት አለካክን ተምሮ በ17 ዓመቱ መሬት ለኪ ሆኖ ተሾመ። በዱርና በተራራ እየዞረ ሲለካ ብርድንና ድካምን መታገሥ ለመደ። ከዚያም ወደ ውትድርና ገባ። ጁላይ 9 ቀን 1755 ዓ.ም. እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በሞኖንጋሂላ ወንዝ አጠገብ ሲዋጉ፥ እርሱ ከእንግሊዞች ወገን ሆኖ ሳለ፥ የተቀመጠባቸው ሁለት ፈረሶች ተመቱ፤ ልብሱንም አራት ጥይት በሳው፤ እርሱ ግን አንዳች አልቆሰለም። ያን ቀን ድሉ የፈረንሳዮች ሆነ፤ ዳሩ ግን የዋሺንግቶን ጀግንነት በአገሩ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በምክር ቤቱ ወኪል ባልነበራቸው በአሜሪካ ሰዎች ላይ ግብር ስለ ጣለ ጠብ ተነሣ፤ በ1775 ዓ.ም. በኤፕሪል ወርም ጦርነት ሆነ። ጁን 14 ቀን ኮንግሬስ የተባለው የአገሩ ሸንጎ ሠራዊት እንዲቆም ወሰነ፤ ይህም ቀን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የልደት ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ ይታሰባል። በማግሥቱም ሸንጎው ዋሺንግቶንን ጠቅላይ የጦር አዛዥ አድርጎ መረጠው። እርሱም ሹመቱን ሲቀበል፥ ስለ ሥራው የሚያወጣው ወጪ ብቻ እንዲተካለት እንጂ ደመወዝ እንዲከፈለው አልፈለገም።

የጦርነቱ መጀመሪያ እጅግ መራራ ነበረ። በ1776 ዓ.ም. ኒው ዮርክ በእንግሊዞች እጅ ወደቀች፤ የአሜሪካም ሠራዊት እየሸሸ ከደላዌር ወንዝ ማዶ ሰፈረ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የአገልግሎታቸው ዘመን በዓመቱ መጨረሻ የሚያልቅ ስለ ነበረ፥ ሠራዊቱ ሊበተን ጥቂት ቀን ቀረው። ዋሺንግቶን ግን ተስፋ አልቈረጠም። ዲሴምበር 25 ቀን በፈረንጆች የልደት በዓል ሌሊት፥ በረዶው እየወረደ፥ የበረዶም ቋጥኝ በወንዙ ላይ እየተንሳፈፈ፥ 2,400 ያህል ወታደሮችንና 18 መድፎችን በጀልባ አሻገረ። በዚያ ሌሊት ጉዞ ሁለት ወታደሮች በብርድ ሞቱ። ሲነጋም በትሬንተን ከተማ በሰፈሩት ከጀርመን አገር በመጡ ቅጥር ወታደሮች ላይ በድንገት ደርሶ 900 ያህሉን ማረከ። ሊጠፋ የቀረበው ተስፋ በዚህ ቀን ተመለሰ።

ከዚህም በኋላ መከራው አላቆመም። በ1777 ዓ.ም. መጨረሻ በቫሊ ፎርጅ በከረሙ ጊዜ፥ ልብስና ስንቅ ጐድሎባቸው 2,000 ያህል ወታደሮች በበሽታ አለቁ። ኋላ ግን ፈረንሳዮች በምድርና በባሕር ስለ ረዷቸው፥ ኦክቶበር 19 ቀን 1781 ዓ.ም. በዮርክታውን የእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ።

ድል ከተገኘ በኋላ ከጠላት የሚብስ ፈተና መጣ። መኰንኖቹ ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ብዙ ወራት አልፎ ነበርና፥ ሸንጎውን በጦር ኃይል ለማስፈራራት የሚገፋፋ ስም የሌለው ደብዳቤ በመካከላቸው ተሰራጨ። ማርች 15 ቀን 1783 ዓ.ም. በኒውበርግ በተሰበሰቡ ጊዜ ዋሺንግቶን ሳይጠብቁት ገብቶ መከራቸው። ልባቸው ግን ገና አልበረደም። በኋላ አንድ ወረቀት ሊያነብላቸው ፈልጎ መነጽር አወጣ፤ መነጽር ሲያደርግ ከዚያ በፊት ያዩት ጥቂቶች ነበሩ። ስለ አገሩ ሲደክም ፀጉሩ እንደ ሸበተ፥ ዓይኑም እንደ ደከመ ነገራቸው፤ ከመኰንኖቹ ብዙዎቹ አለቀሱ፤ ክፉው ምክርም በዚያው ፈረሰ።

ዕርቁ ከተፈረመና እንግሊዞች ከኒው ዮርክ ከወጡ በኋላ፥ ዋሺንግቶን ዲሴምበር 23 ቀን 1783 ዓ.ም. በአናፖሊስ በነበረው ሸንጎ ፊት ቀረበ። የሸንጎው ሰዎች ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠው ሳሉ፥ የጦሩ አዛዥ ቆሞ እጅ ነሣቸው፤ እነርሱ ግን ባርኔጣቸውን ከማንሣት በቀር አልሰገዱለትም። ይህ የተደረገው እርሱን ለመናቅ አይደለም፤ ሰይፍ የታጠቀ ሰው ከሕዝብ ሸንጎ በታች መሆኑን ለማሳየት ነው። ወረቀቱን የያዘ እጁ እየተንቀጠቀጠ ንግግሩን አነበበ፤ የሹመቱንም ደብዳቤ መለሰ። ስምንት ዓመት ከመንፈቅ የያዘውን ሥልጣን በአንድ ሰዓት ትቶ፥ በማግሥቱ ወደ እርሻው ወደ ማውንት ቨርነን ገባ።

በ1789 ዓ.ም. ሕዝቡ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው፤ ሁለት ጊዜ ተመርጦ ስምንት ዓመት ከገዛ በኋላም በ1797 ዓ.ም. ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ። ዲሴምበር 14 ቀን 1799 ዓ.ም. በቤቱ ሞተ።

ይሁን እንጂ የሰውን መልካም ሥራ ስናነሣ ጉድለቱን መሸሸግ አይገባም። ዋሺንግቶን ከልጅነቱ ጀምሮ ባሮች ነበሩት፤ ስለ ነፃነት የተዋጋ ሰው የሌላውን ነፃነት ይዞ መኖሩ ታላቅ ነውር ነበረ። በሚሞትበት ዓመት በጻፈው ኑዛዜ የራሱ የነበሩት 123 ሰዎች ሚስቱ ስትሞት ነፃ እንዲወጡ አዘዘ፤ እርስዋም ሳትሞት በ1801 ዓ.ም. መጀመሪያ ለቀቀቻቸው። ሌሎቹ ግን የሚስቱ የፊተኛ ባል ርስት ስለ ነበሩ በባርነት ቀሩ። በጎ ነገርን የሚያዘገይ ሰው ለሁሉ ሊያደርሰው አይችልም።

የደላዌርን መሻገርና የዮርክታውንን ድል ብዙ ሰዎች ያከብራሉ፤ አናፖሊስን የሚያስቡ ግን ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ሦስቱ ቀኖች ቢመዘኑ የኋለኛው ይከብዳል። ጦር ያሸነፉ አለቆች በዓለም ብዙ ናቸው፤ ካሸነፉም በኋላ ብዙዎቹ በገዛ ሕዝባቸው ላይ ጌቶች ሆነዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት አለ፤ ይህ ሰው ግን ሲሾም ደመወዝ አልፈለገም፥ ሲሰናበትም አልተቆጨም፤ ሹመትን እንደ ርስት ሳይሆን እንደ አደራ ቈጥሮታልና። ስለዚህ በታናሽ ነገር እንኳ የተሾመ ልጅ፥ የጓደኞቹ አለቃ ወይም የዕቃ ጠባቂ ቢሆን፥ የተሰጠው የራሱ እንዳልሆነ ይወቅ። አደራውን በደኅና ጠብቆ፥ ጊዜው ሲደርስ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው እርሱ በእውነት ታላቅ ነው።